እጅ መስጠትና ሰዓት ማቃጠል፡ በኢንተርኔት ቼዝ የመሸነፍ ሥርዓት

የቼዝ ጨዋታ ከብዙዎቹ ስፖርቶች የሚለይበት አንድ ጠባይ አለው፡፡ አምስት ለዜሮ እየተመራ ያለ የእግር ኳስ ቡድን በ70ኛው ደቂቃ «ይብቃን» ብሎ ሜዳውን ጥሎ ቢወጣ ቅጣት ይከተለዋል፤ ደጋፊውም አይምረውም፡፡ የማራቶን ሯጭ መሀል መንገድ ላይ ቢቆም «አቋረጠ» ተብሎ ይመዘገባል፡፡ በቼዝ ግን መሸነፉን የተረዳ ተጫዋች ንጉሡ እስኪያዝ ሳይጠብቅ ሰዓቱን አቁሞ፣ እጁን ዘርግቶ፣ ለተጋጣሚው «እንኳን ደስ ያለህ» ማለቱ ለረዥም ዘመን የጨዋነት ምልክት ሆኖ ኖሯል፡፡ እንዲያውም ያለቀለትን ጨዋታ እስከ መጨረሻው የሚጎትት ሰው ወይ ነገሩ ያልገባው፣ ወይ ተጋጣሚውን የናቀ ተደርጎ ይታይ ነበር፡፡

ይህ ልማድ የተወለደው ሁለት ሰዎች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ፊት ለፊት ተቀምጠው ለሰዓታት በሚጫወቱበት ዓለም ነው፡፡ ዛሬ አብዛኛው ቼዝ የሚካሄደው እዚያ አይደለም፡፡ ቼስ ዶት ኮም የተባለው ድረ ገጽ በ2007 ሥራ ጀመረ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፡፡ ማስታወቂያም ክፍያም የሌለበትን ሊቼስ የተባለውን ድረ ገጽ ደግሞ ቲቦ ዱፕሌሲ የተባለ ፈረንሳዊ የሶፍትዌር ባለሙያ በ2010 መሠረተው፡፡ በ2020 ወረርሽኙ ሰውን ሁሉ ቤቱ ካስቀመጠው፣ በዚያው ዓመት መገባደጃም «ዘ ኩዊንስ ጋምቢት» የተሰኘው ተከታታይ ፊልም በኔትፍሊክስ ከታየ በኋላ ተጫዋቹ እንደ አሸን ፈላ፡፡ በ2022 መጨረሻ ቼስ ዶት ኮም የአባላቱ ቁጥር 100 ሚሊዮን መድረሱን አስታወቀ፡፡ ከዚህ ሁሉ ሕዝብ ውስጥ ብዙው የቼዝ ክለብ ደጃፍ ረግጦ የማያውቅ ነው፡፡ መቼ እጅ መስጠት ደግ እንደሆነ፣ መቼ እንዳልሆነ በጆሮው ሹክ ያለው አንጋፋ ተጫዋችም የለም፡፡

ጭቅጭቁ የሚመጣው ከዚህ ላይ ነው፡፡ ንግሥቱን ያጣ ተጫዋች ጨዋታውን ሲቀጥል ተጋጣሚው በጽሑፍ መልእክት «ለምን እጅ አትሰጥም? ጊዜዬን አታባክን» ይለዋል፡፡ ያኛው «የመጫወት መብቴ ነው» ብሎ ይመልሳል፡፡ ሁለቱም ራሳቸውን ጨዋ፣ ሌላውን ባለጌ አድርገው ነው የሚያዩት፡፡ እኔ ከሥራ መልስ፣ ማታ ማታ፣ አሥር አሥር ደቂቃ የሚሰጥባቸውን ጨዋታዎች የምጫወት ሰው ነኝ፤ ክርክሩ ከሁለቱም ወገን ደርሶኛል፡፡ ነገሩን እያገላበጥኩ የደረስኩበት አቋም ይህ ነው፡፡ የኢንተርኔት ተጫዋች ለተጋጣሚው ያለበት ዕዳ ሽንፈቱን ቶሎ ማመን አይደለም፤ ጊዜውን አለመስረቅ ነው፡፡ ሁለቱ ስለተቀላቀሉብን እስከ መጨረሻው የሚታገለውን እንሰድባለን፣ ሰዓቱን እያቃጠለ የሚቀመጠውን ደግሞ «ሕጉ ፈቅዶለታል» እያልን እናልፋለን፡፡

ሕጉ ምን ይላል?

በ1924 ፓሪስ ላይ የተመሠረተው ዓለም አቀፉ የቼዝ ፌዴሬሽን (ፊዴ) ያወጣው የጨዋታ ሕግ ስለዚህ ጉዳይ የሚለው በጣም አጭር ነው፡፡ ተጋጣሚው እጅ መስጠቱን ያስታወቀለት ተጫዋች አሸናፊ ነው፤ ጨዋታውም ወዲያውኑ ያበቃል፡፡ በቃ፡፡ ስንት ጠጠር ሲጎድል፣ በስንተኛው እርምጃ እጅ መሰጠት እንዳለበት የሚናገር አንቀጽ የለም፡፡ ንጉሥን በቦርዱ ላይ ማጋደምም ቢሆን ፊልም ሠሪዎች የሚወዱት ልማድ ነው እንጂ ሕጉ የሚጠይቀው ነገር አይደለም፡፡ በአንጻሩ ያው ሕግ ተጋጣሚን በማናቸውም መንገድ ማወክን ይከለክላል፤ የቼዝን ስም የሚያጎድፍ ድርጊትንም እንዲሁ፡፡ ልብ ይሏል፣ መጫወት መቀጠል በሕጉ ዘንድ ጥፋት ሆኖ አያውቅም፡፡ ማወክ ግን ጥፋት ነው፡፡

በነጥብም በኩል ልዩነት የለም፡፡ ፊዴ ከ1970 ጀምሮ የተጫዋቾችን ደረጃ የሚለካበትና በፊዚክስ መምህሩ በአርፓድ ኤሎ ስም የሚጠራው ስሌት የሚያውቀው ማሸነፍን፣ መሸነፍንና አቻ መውጣትን ብቻ ነው፡፡ ድረ ገጾቹ የሚጠቀሙባቸው ስሌቶችም በዚህ ረገድ አይለዩም፡፡ በ12ኛው እርምጃ እጅ የሰጠውም፣ በ90ኛው ማት የሆነውም የሚቀነስበት ነጥብ አንድ ነው፡፡

እዚህ ላይ ስለ ቃሉ አንድ ነገር ልበል፡፡ እንግሊዝኛው ለዚህ ድርጊት የሚጠቀምበት ቃል አንድ ሰው ከሥራው ወይም ከሥልጣኑ በፈቃዱ ሲለቅም የሚነገር ነው፤ ክብር አይነካም፡፡ እኛ ግን «እጅ መስጠት» የምንለው ቃል የተገኘው ከጦር ሜዳ ነው፡፡ አፄ ቴዎድሮስ በ1868 መቅደላ ላይ እጅ ከመስጠት ሞትን የመረጡበትን ታሪክ እየሰማ ላደገ ሰው ይህ ቃል ቀላል አይደለም፡፡ በአማርኛ ቼዝ የሚጫወቱ ወዳጆቼ «ሰጠሁ» ከማለት ይልቅ «በቃ፣ ወስደኸዋል» ወይም «ሌላ እንጀምር» ማለት ይቀናቸዋል፡፡ ድረ ገጾቹም ቢሆኑ ለዚህ ተግባር የመረጡት ምልክት ባንዲራ ነው፡፡ ያንን ባንዲራ የመጫን ነገር ለአንዳንዱ ሰው ከመሸነፉ የበለጠ የሚከብደው ለዚህ ይመስለኛል፡፡

ከትልልቆቹ ጠረጴዛ

በታላላቅ ተጫዋቾች ዘንድ እጅ መስጠት የራሱ ታሪክ አለው፡፡ በ1927 ቦነስ አይረስ ላይ በተካሄደው የዓለም ሻምፒዮና 34ኛው ጨዋታ ሳያልቅ ለሌላ ቀን ተላለፈ፡፡ ኩባዊው ሻምፒዮን ሆሴ ራውል ካፓብላንካ ግን ጨዋታውን ለመቀጠል አልመጣም፤ እጅ መስጠቱን የሚገልጽ ደብዳቤ ለአሌክሳንደር አሌኺን ላከለት፡፡ ዘውዱ በደብዳቤ ተሻገረ ማለት ነው፡፡ በ1972 ሬይክጃቪክ ላይ ቦሪስ ስፓስኪ 21ኛውንና የመጨረሻውን ጨዋታ ለቦቢ ፊሸር የለቀቀው በስልክ ነበር፡፡ ይሁንና ከዚያ ግጥሚያ የቼዝ ሰው አዘውትሮ የሚያነሳው ስልኩን አይደለም፡፡ ስፓስኪ በስድስተኛው ጨዋታ ተሸንፎ ሳለ ከታዳሚው ጋር አብሮ ለፊሸር ማጨብጨቡን ነው፡፡

ከሁሉም የምወደው ግን እጅ ያለመስጠት ታሪክ ነው፡፡ በ1956 ኒውዮርክ ላይ ዶናልድ በርን ከአንድ የ13 ዓመት ልጅ ጋር ገጠመ፡፡ ልጁ ፊሸር ነበር፡፡ በ17ኛው እርምጃ ንግሥቱን አሳልፎ ሰጥቶ ያንን ጨዋታ በቼዝ ታሪክ ስመ ጥር ካደረጉት ጥቃቶች አንዱን ከፈተ፡፡ በርን መሸነፉ ከታወቀ ቆይቷል፤ እንደ ወጉ እጅ ሰጥቶ መነሳት ይችል ነበር፡፡ አልተነሳም፡፡ 41ኛው እርምጃ ላይ ልጁ በእጁ ማት እስኪያደርገው ድረስ ተቀመጠለት፡፡ ሌሎቹን ተወዳዳሪዎች አማክሮ፣ «ልጁ እንዲህ ያማረ ጨዋታ ተጫውቶ ማቱን ብንከለክለው አይገባም» በሚል ስሜት እንዳደረገው ይነገራል፡፡ መጫወት መቀጠል ከእጅ መስጠት የበለጠ ጨዋነት የሆነበት ጊዜ ካለ ይኸው ነው፡፡

በተቃራኒው ቸኩሎ እጅ መስጠት ብዙ ያስከፈላቸው አሉ፡፡ ጆርጅ ማርኮ በ1902 ሞንቴ ካርሎ ላይ ከኢግናትስ ፎን ፖፒል ጋር ሲጫወት ቢሾፑ ተቸንክሮ ሊበላ መሆኑን አይቶ፣ መድኃኒት የለውም ብሎ እጅ ሰጠ፡፡ ያ ቢሾፕ ግን ተጋጣሚው ሰፈር ዘልቆ ቢገባ ኖሮ በአንድ እርምጃ ማትም ያስፈራራ፣ የተጋጣሚውን ንግሥትም ለሩኩ ያጋልጥ ነበር፡፡ አሸናፊ ሳለ ተሸንፌያለሁ ብሎ ተነሳ፡፡ ጋሪ ካስፓሮቭ ደግሞ በ1997 ኒውዮርክ ላይ ከአይቢኤሙ ዲፕ ብሉ ኮምፒውተር ጋር ባደረገው ሁለተኛ ጨዋታ እጅ ሰጠ፡፡ ብዙም ሳይቆይ ተንታኞች ንጉሡን እየደጋገሙ ቼክ በማለት አቻ የሚወጣበት መንገድ እንደነበረ አሳዩ፡፡ ግጥሚያውን ኮምፒውተሩ ሦስት ተኩል ለሁለት ተኩል አሸንፎ ወጣ፡፡ ያቺ ግማሽ ነጥብ ምን ታመጣ እንደነበር አንባቢ ያስላው፡፡

ዋናው ቁም ነገር ይህ ነው፡- የዓለም ሻምፒዮን እንኳ መቼ እንደተሸነፈ ሊስት ይችላል፡፡ እንግዲህ ማታ ደክሞት ስልኩ ላይ የሚጫወት የባንክ ሠራተኛ ወይም መሐንዲስ ቦርዱን አይቶ «አልቆልኛል» የሚልበት እርግጠኝነት ከየት ይመጣል?

ስክሪኑ ምን ለወጠ?

የመጀመሪያው ለውጥ የሰዓቱ ማጠር ነው፡፡ በሦስት ወይም በአምስት ደቂቃ ጨዋታ ሰዓት እንደ ሩክና ፈረስ ሁሉ ራሱን የቻለ ኃይል ነው፡፡ ንግሥት ጎድሎኝ ሁለት ደቂቃ ካለኝ፣ ተጋጣሚዬ ደግሞ ስምንት ሴኮንድ ከቀረው፣ ማን ነው የተሸነፈው? በሕጉ መሠረት ሰዓቱ ያለቀበት ይሸነፋል፤ ተጋጣሚው በምንም ዓይነት ሕጋዊ እርምጃ ማት ማድረግ የማይችል ከሆነ ብቻ አቻ ይሆናል፡፡ ስለዚህ እኔ ብቀጥል ነውር የለበትም፡፡ ተጋጣሚዬ ያን ሁሉ ጠጠር የበላው ያን ሁሉ ሰዓት ከፍሎ ነው፡፡

ሁለተኛው የተጫዋቹ ደረጃ ነው፡፡ በጌቶች ዘንድ አንድ ወታደር መጉደል ጨዋታ ሊጨርስ ይችላል፤ ተጋጣሚው ያቺን ብልጫ ሳያባክን ማትን እስከመስጠት ማድረስ ይችላልና፡፡ በእኛ ዓይነቱ ተጫዋች ዘንድ ግን ንግሥት የበላ ሰው በአሥር እርምጃ ውስጥ መልሶ ንግሥቱን ሲያስበላ ማየት የሳምንት ሳይሆን የየቀኑ ጉዳይ ነው፡፡ በተለይ ስቴልሜት የሚባለው ነገር፣ ማለትም ንጉሥ ቼክ ሳይባል መንቀሳቀሻ አጥቶ ጨዋታው አቻ የሚወጣበት ሁኔታ፣ የብዙ ባለድል ተጫዋቾች መቃብር ነው፡፡ ሁለት ንግሥት ይዞ፣ ቸኩሎ፣ ባዶውን ንጉሥ ጥግ ላይ ሲያፍነው ማየት ነው እንግዲህ፡፡

እጅ ልስጥ ወይስ ልቀጥል ለሚል ሰው እኔ የምመክረው መለኪያ አለኝ፡፡ ተጋጣሚዬ ከዚህ ወዲያ እንዴት እንደሚያሸንፍ እኔ ራሴ እርምጃ በእርምጃ መናገር እችላለሁ ወይ? ከቻልኩስ፣ ተጋጣሚዬ ያንን እንደሚያውቅ እስካሁን ባደረገው አጨዋወት አሳይቶኛል ወይ? ለሁለቱም መልሱ «አዎ» ከሆነና ሰዓቱም ከበቃው፣ እጅ ሰጥቶ ሌላ ጨዋታ መጀመር ለራስም ጥሩ ነው፡፡ አንዱ እንኳ «አላውቅም» ከሆነ ይጫወቱ፡፡ «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» የሚል ካለም ይበል፡፡

አሁን ወደ ሰዓት ማቃጠል ልምጣ፣ ክርክሩ እውነተኛ የሚሆነው እዚህ ላይ ነውና፡፡ የአሥር ደቂቃ ጨዋታ ለመጀመር የተስማማ ሰው ለተጋጣሚው አሥር ደቂቃ ፈቅዶለታል፡፡ ታዲያ ተጋጣሚው ቀሪውን ሰባት ደቂቃ አንድም ጠጠር ሳያንቀሳቅስ ቢቀመጥ ምን አጠፋ? ይህን መከራከሪያ በቁም ነገር የሚያቀርቡ ሰዎች አጋጥመውኛል፤ አንዱ ጠበቃ ስለነበር አሳምሮ ነው የተከራከረው፡፡

ልዩነቱ ያለው ጊዜው ለምን ተፈቀደ በሚለው ላይ ነው፡፡ ሰዓቱ የተሰጠው ለማሰብ ነው፡፡ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ በየአሥር ሴኮንዱ ሲጫወት የቆየ ሰው፣ ንግሥቱ በተበላች በማግስቷ ሴኮንድ ድንጋይ ሆኖ ሲቀር እያሰበ እንዳልሆነ ሁለታችንም እናውቃለን፡፡ ተጋጣሚው ሰልችቶት እንዲወጣ ወይም እንዲበሳጭ እየጠበቀ ነው፡፡ ማሸነፍ ስላልቻለ መቅጣት ፈልጓል፡፡ አንዳንዱማ ተጋጣሚው ሻይ ሊያፈላ ተነስቶ ይሆናል በሚል ተስፋ ሰዓቱ ሊያልቅ ጥቂት ሴኮንድ ሲቀረው ድንገት ይጫወታል፡፡ ፊት ለፊት ተቀምጦ እንዲህ የሚያደርግ ሰው የተጋጣሚውንም የዳኛውንም ዓይን መቋቋም ይኖርበታል፡፡ ስክሪኑ ያነሳለት ሸክም ይህንን ነው፡፡

ድረ ገጾቹም በዚህ ላይ የያዙት አቋም ከጠበቃው ጋር አይስማማም፡፡ ሊቼስ በተሸነፈበት ጨዋታ ሰዓቱን እያስቆጠረ የሚቀመጥንና እየደጋገመ ጥሎ የሚወጣን ሰው ለይቶ ለተወሰነ ጊዜ እንዳይጫወት ያግደዋል፡፡ ቼስ ዶት ኮምም ሆን ብሎ ጨዋታ ማጓተትንና ጥሎ መውጣትን ከስፖርታዊ ጨዋነት ውጪ አድርጎ ይቀጣል፡፡ እስከ ማት ድረስ በመጫወቱ የሚቀጣ ግን በሁለቱም ዘንድ የለም፡፡

መብራት የጠፋበት ሰው

በእኛ አገር ይህ ጉዳይ አንድ ተጨማሪ ጣጣ አለው፡፡ መብራት ድርግም ሲልና ዋይፋዩ አብሮ ሲጠፋ፣ በርሊን ወይም ማኒላ ላለው ተጋጣሚ የሚታየው «ጥሎ ወጣ» የሚል ጽሑፍ ብቻ ነው፡፡ ከተናደደው ሰው የሚለየን ምንም ምልክት የለም፡፡ ስለዚህ እዚህ ያለን ተጫዋቾች ጨዋነታችንን አስቀድመን ማዘጋጀት አለብን፡፡ ስልክ ላይ የሞባይል ዳታ በተጠንቀቅ ማቆየት፣ መብራት በሚመላለስበት ምሽት ረዥም ጨዋታ አለመጀመር፣ ኔትወርኩ ሲመለስም ለተጋጣሚው አንዲት መስመር መጻፍ በቂ ነው፡፡ እኔ «ይቅርታ፣ መብራት ጠፍቶብኝ ነው» የሚል መልእክት ጽፌ ከናይጄሪያና ከሊባኖስ «እናውቀዋለን ወንድሜ» የሚል መልስ ደርሶኛል፡፡

በሌላው ወገን ሲሆኑም እንዲሁ ነው፡፡ ሊቼስ ላይ ተጋጣሚዎ ከጠፋ ጥቂት ከተጠበቀ በኋላ ምርጫ ይሰጥዎታል፤ ድሉን መውሰድ፣ አቻ ብሎ መዝጋት፣ ወይም መጠበቅ፡፡ ጨዋታው ገና ያልለየለት ከሆነ እኔ አቻውን እመርጣለሁ፡፡ ተጋጣሚው ንግሥቱ እንደተበላች የጠፋ ከሆነ ግን ድሉን ያለ ጸጸት ነው የምወስደው፡፡

የአሸናፊው ዕዳ

ስለ እጅ መስጠት የሚወራው ሁሉ ስለ ተሸናፊው ብቻ መሆኑ አይገባኝም፡፡ በቀጥታ ማት ማድረግ እየቻለ ወታደሮቹን አንድ በአንድ አሳልፎ አምስት ንግሥት የሚያነግሥ፣ ወይም ለማላገጥ ወደ ፈረስና ቢሾፕ የሚለውጣቸው ተጫዋች አለ፡፡ ምክንያቱን ሲጠይቁት «እጅ ስላልሰጠ ነው» ይላል፡፡ የወደቀ ዛፍ ምሣር ይበዛበታል እንዲሉ፡፡ ስለ ጊዜው የሚቆረቆር ሰው በሦስት እርምጃ ማት አድርጎ ይገላገል ነበር፡፡ ተጋጣሚን እጅ እንዲሰጥ መጠየቅም ከዚሁ የሚመደብ ነው፤ ውሳኔው የእርሱ ብቻ ነው፡፡ በየሁለት እርምጃው አቻ እንውጣ እያሉ መነዝነዝም እንዲሁ ሰው ማወክ ነው፡፡ የመልስ ጨዋታ ሲጠየቁ ጊዜ ካለ አንድ መጫወት ጥሩ ነው፤ ከሌለም አመስግኖ መሄድ ያስኬዳል፡፡

አሸናፊን በሥርዓት በመያዝ ረገድ የቀደሙት ኢትዮጵያውያን ሠንጠረዥ ተጫዋቾች ከዛሬው ሰው የተሻለ ያሰቡበት ይመስለኛል፡፡ ሠንጠረዥ እስከ 1930ዎቹ የጣሊያን ወረራ ዘመን ድረስ በመኳንንቱ ቤት ይዘወተር የነበረ የራሳችን የቼዝ ዓይነት ነው፡፡ በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ወደ ትግራይ የመጣው እንግሊዛዊ ሄንሪ ሶልት ራስ ወልደ ሥላሴ ሲጫወቱት አይቶ ጽፏል፡፡ ደንቡን ኤች ጄ አር መሬይ በ1913 በወጣው የቼዝ ታሪክ መጽሐፉ፣ ሪቻርድ ፓንክረስት ደግሞ በ1971 ባሳተሙት ጥናት አስፍረውታል፡፡ በሠንጠረዥ አጃቢ ያጣን፣ ብቻውን የቀረን ንጉሥ ማት ማድረግ አይፈቀድም፡፡ ተጋጣሚው ከንጉሡ ሌላ (ወታደሮችን ሳይጨምር) አንድ ጠጠር ብቻ ከቀረው ደግሞ ያ ጠጠር ሰባት ጊዜ ከመንቀሳቀሱ በፊት ማቱን ማድረስ ግድ ነው፡፡ ማቱም ሁሉ እኩል አይከበርም ነበር፡፡ በሩክ ወይም በፈረስ የተደረገ ማት ጥበብ የጎደለው ነው፤ በደካሞቹ ጠጠሮች፣ በተለይም በወታደሮች ጥምረት የተደረገ ማት ግን ጭብጨባ ያስገኛል፡፡

እንዲህ ባለ ጨዋታ «እጅ ስጥና እንገላገል» ማለት ትርጉም የለውም፡፡ ተሸናፊውን አራቁቶ ማዋረድ ራሱ ድልን ያሳጣል፡፡ በአምስት ንግሥት የሚያላግጠው የዘመናችን ተጫዋች እዚያ አዳራሽ ቢገባ አንገቱን ደፍቶ ይወጣ ነበር፡፡

እጅ መስጠት መሣሪያ ሲሆን

እጅ መስጠት ሁልጊዜ ትሕትና ነው ማለት እንዳልሆነም መናገር ያስፈልጋል፡፡ ሆን ብለው ጨዋታ በጨዋታ ላይ በጥቂት እርምጃ እጅ እየሰጡ ሬቲንጋቸውን የሚያወርዱ አሉ፡፡ ዓላማቸው ከአቅማቸው በታች ካሉ ሰዎች ጋር እየተጋጠሙ ማሸነፍ፣ ወይም ዝቅተኛ ደረጃ ላላቸው በተዘጋጀ ውድድር መግባት ነው፡፡ ድረ ገጾቹ ይህን ማጭበርበር ይሉታል፤ ነውም፡፡

ከዚህ ሁሉ የጎላው ግን በ2022 የሆነው ነው፡፡ በዚያ ዓመት ሴፕቴምበር ወር የወቅቱ የዓለም ሻምፒዮን ማግነስ ካርልሰን በአሜሪካ ሴንት ሉዊስ በአሜሪካዊው ሃንስ ኒማን ተሸነፈና በማግስቱ ከውድድሩ ራሱን አገለለ፡፡ ከሁለት ሳምንት በኋላ ሁለቱ በኢንተርኔት ውድድር ተገናኙ፡፡ ካርልሰን አንድ እርምጃ ብቻ ተጫውቶ እጅ ሰጠና ካሜራውን አጠፋ፡፡ አንድ ቃል አልተናገረም፤ ዓለም ግን ክሱን ሰማ፡፡ ኋላ ላይ ኒማንን በአጭበርባሪነት እንደሚጠረጥረው በጽሑፍ ገለጸ፡፡ ኒማን በልጅነቱ በኢንተርኔት ጨዋታ ማጭበርበሩን አምኖ፣ በጠረጴዛ ጨዋታ ግን ፈጽሞ እንዳላደረገው ተናገረ፡፡ ቼስ ዶት ኮም በዚያው ዓመት ኦክቶበር ባወጣው 72 ገጽ ሪፖርት ኒማን ከ100 በላይ በሚሆኑ የኢንተርኔት ጨዋታዎች ሳያጭበረብር እንዳልቀረ አተተ፤ በጠረጴዛ ጨዋታ ስለማጭበርበሩ ግን ማስረጃ አላቀረበም፡፡ ኒማን የ100 ሚሊዮን ዶላር ክስ መሠረተ፤ ክሱ በ2023 ሰኔ ላይ ውድቅ ሆነ፣ በነሐሴ ወገኖቹ ተስማሙ፡፡ የፊዴ የሥነ ምግባር ኮሚሽን በ2023 መጨረሻ ካርልሰንን በቂ ምክንያት ሳይኖረው ከሴንት ሉዊሱ ውድድር በመውጣቱ 10,000 ዩሮ ቀጣው፡፡

ስለ ጥርጣሬው ትክክለኛነት የምጨምረው የለኝም፡፡ ስለ እጅ መስጠቱ ግን አስተያየት አለኝ፤ ከስድብ የባሰ ነበር፡፡ ለተሰደበ ሰው መልስ መስጠት ይቻላል፡፡ ዝም ብሎ ለተነሳበት ሰው መልሱ ምንድን ነው?

ይኸው ካርልሰን በ2025 ጁን ወር ኖርዌይ ላይ በወጣቱ የዓለም ሻምፒዮን በጉኬሽ ሲሸነፍ ጠረጴዛውን በጡጫ መታው፤ ጠጠሮቹ ዘለሉ፡፡ ቪዲዮው ዓለምን ዞረ፡፡ እዚያው ቆሞ ግን ይቅርታ ጠየቀ፣ ሲወጣም የጉኬሽን ጀርባ መታ መታ አደረገ፡፡ ንዴቱም እርቁም ደቂቃ አልፈጀም፡፡ በኢንተርኔት ላይ የሚናደድ ሰው ይህ ዕድል የለውም፡፡ ተጋጣሚው በአንድ ጠቅታ ጠፍቶ ምናልባትም እስከ ዕድሜ ልኩ አያገኘውም፡፡

የ11 ዓመት ልጄ አሠልጣኝ ተማሪዎቹ እጅ እንዳይሰጡ ይከለክላል፡፡ ማት እስኪሆኑ ይጫወታሉ፣ ከዚያ እንዴት ማት እንደሆኑ ያስረዳሉ፡፡ አንዳንድ ወላጆች ይህ ልጆቹን ግትር ያደርጋል ብለው አጉረምርመዋል፡፡ እኔ ከአሠልጣኙ ጋር ነኝ፤ በዚህ ዕድሜ ልጅ እጅ የሚሰጠው ስላወቀ ሳይሆን ስለከፋው ነውና፡፡ እርሱ የጨመረልን አንድ ሌላ ደንብ አለ፡፡ ልጆቹ በስልክ ሲጫወቱ ተራቸው ደርሶ ከማያቸው በላይ ዝም ካሉ ስልኩ ይወሰዳል፡፡

በመጨረሻ አንድ የቴክኒክ ነገር፡፡ በሁለቱም ድረ ገጾች የባንዲራዋ ምልክት በስልክ ስክሪን ላይ ለአውራ ጣት በጣም ቅርብ ናት፡፡ ከማዋቀሪያው ገጽ ገብተው እጅ ከመስጠትዎ በፊት ማረጋገጫ እንዲጠይቅዎ ማድረግ ይችላሉ፡፡ ታክሲ ውስጥ ለሚጫወት ሰው ይህ ሳይጠቅም አይቀርም፡፡